የኤቢኤስ ፓምፕ ተበላሸ ሲባል፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ መግጠም ወይስ አዲስ መግዛት?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛል። ባለመኪናው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት አልጠፋ ብላው ወደ አንድ ጋራዥ ይሄዳል፤ እዚያም «ፓምፑ ሞቷል» ይባላል። ከዚያ አንዱ አዲስ እንዲገዛ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ያገለገለ እንዲያስመጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፊውዙን ነቅሎ ዝም ብሎ እንዲነዳ ይመክረዋል። ሦስቱም ምክሮች እንደ ሁኔታው ትክክልም ስሕተትም ሊሆኑ ይችላሉ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ብልሽቱ የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊቱ) የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የሚገዛ ፓምፕ፣ ርካሽም ሆነ ውድ፣ በግምት የተገዛ ነው። የምርጫው ንጽጽር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ጽሑፉ ከምርመራው ይጀምራል።

ፓምፕ የምንለው የትኛውን ነው?

በጋራዥ ቋንቋ «የፍሬን ፓምፕ» ሲባል አንዱ ፔዳሉ የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደር፣ ሌላው የኤቢኤሱን ክፍል ያስባል፤ በዚህ መምታታት ብቻ የተሳሳተ ዕቃ የተገዛበትን ጊዜ አይቻለሁ። የኤቢኤሱ ክፍል ሞተሩ ባለበት ኮፈን ሥር የሚገኝ፣ የፍሬን ቧንቧዎች ገብተውበት የሚወጡ የአሉሚኒየም ብሎክ ነው። ብሎኩ ውስጥ ቫልቮች አሉ፤ አራቱን ጎማዎች ለየብቻ በሚቆጣጠር መኪና ላይ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ማስገቢያና አንድ ማስወጫ፣ በድምሩ 8 ናቸው። በብሎኩ አንድ ጎን ክብ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሌላው ጎን ደግሞ ኮምፒውተሩን የያዘ የፕላስቲክ ሳጥን ታስሮበታል። አንድ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒውተሩ ማስገቢያውን ዘግቶ ማስወጫውን ይከፍታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ጎማው እንደገና መዞር ይጀምራል፤ ሞተሩም የወጣውን ዘይት ወደ ማስተሩ መልሶ ይገፋል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ነው ፔዳሉ እግር ሥር የሚንቀጠቀጠው። ቦሽ ይህን ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ክፍሉ በጣም አንሷል፤ አሠራሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው።

ከዚህ አሠራር የሚገኝ አንድ የሚያረጋጋ እውነት አለ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማስገቢያ ቫልቮቹ ክፍት፣ ማስወጫዎቹ ዝግ ሆነው ስለሚቀሩ፣ ኤቢኤሱ ቢሞትም ተራው ፍሬን ይሠራል።

ይህ እውነት ግን ለሁሉም መኪና አይደለም። በአንዳንድ ፕራዶ 120 እና ላንድክሩዘር 100 ላይ ፔዳሉን የሚያግዘው በሞተር ቫኪዩም የሚሠራው ሰርቮ ቀርቶ፣ ከማስተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግፊት አጠራቅሞ ፍሬኑን ያግዛል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ፓምፑ ሲደክም ቀዩ የፍሬን መብራት ይበራል፣ ጩኸት ይሰማል፣ ፔዳሉም ድንጋይ ይሆናል። ባለቤቱ «ኤቢኤስ ነው፣ ያለሱም ይነዳል» ብሎ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ቢወርድ፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በእግሩ ጉልበት ብቻ ከባድ መኪና ለማቆም ይገደዳል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ከታች ያሉትን «ለጊዜው ይቆይ» የሚሉ ሐሳቦች ይዝለላቸው፤ መኪናው ባለበት ይቁም፣ ባለሙያ ወደ መኪናው ይምጣ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚደረግ ምርመራ

በመብራቷ እንጀምር። ቁልፉ ሲከፈት በርታ ከ3 ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለባት። ጨርሶ የማትበራ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው፤ ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ጊዜ አምፖሏን ማውጣት ወይም ሽቦዋን ከሌላ መብራት ጋር አያይዞ አብራ እንድትጠፋ ማድረግ የታወቀ ማታለያ ነው። ቢጫዋ ብቻዋን በርታ ከቀረች ጎማን ከመቆለፍ የሚያድነው ሥርዓት ቆሟል ማለት ነው። ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብራ ስትበራ ግን፣ የዘይት መጠን ካልጎደለና የእጅ ፍሬን ካልተያዘ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የፍሬን ኃይልን የሚያከፋፍለው ሥራም ተቋርጦ ይሆናል፤ ይህ ጉዳይ ከታች ስለ ነቅሎ መንዳት ስንነጋገር ይመለሳል።

ቀጥሎ ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር፣ ይነበባል። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ስለሚያነቡ «ምንም ኮድ የለም» ማለታቸው ስለ ኤቢኤሱ ምንም አያስረዳም፤ የኤቢኤስ ክፍልን የሚያነብና የፓምፑን ሞተር በትእዛዝ የሚያስነሳ ስካነር ያስፈልጋል። ከተማችንን የሞሉት ቶዮታዎች ብዙዎቹ ያለ ስካነርም ይናገራሉ። ከመሪው ሥር ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቷ ቁጥር እየቆጠረች ብልጭ ድርግም ትላለች። ከ31 እስከ 34 ያሉት ቁጥሮች የአራቱ ጎማዎች የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው፤ 41 የባትሪ ቮልቴጅ ነው፤ 11 እና 12 የቫልቮቹ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ 13 እና 14 የፓምፑ ሞተር ሪሌ፣ 51 ደግሞ ራሱ የፓምፑ ሞተር ነው። በስካነር የሚነበበው ሲ-1251 የሚባለው ኮድም የዚሁ የ51 ወንድም ነው። ሽቦውን የሚያስገባ ሰው ቀዳዳዎቹን ደጋግሞ ይቁጠር፤ 16ኛው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ በስሕተት ቢነካ የሚቃጠል ነገር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረግጥ። ኮድ የሚያሳየው ኮምፒውተሩ ችግር ያየበትን መስመር ነው። «የፓምፕ ሞተር» የሚል ኮድ ሲወጣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሶኬቱ፣ የማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው) ሽቦ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ወይም የሞተሩ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ስድስቱም ለኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆነው ይታዩታል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ ኮሮላ ከደብረ ታቦር መጣ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ያገለገለ የኤቢኤስ ፓምፕ አስቀምጠዋል፤ ሌላ ቦታ «ፓምፑ ነው» ተብለው ከአዲስ አበባ አስመጥተውት የቀራቸው ማስገጠም ብቻ ነበር። ኮዱ በእርግጥም ሲ-1251 ነው። ፊውዙ ደህና ነው። በስካነር ሞተሩን ሳዝዘው ተነሣ፤ ድምፁ ግን የታመመ ሰው ማጉረምረም ዓይነት ነበር። መልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በክፍሉ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጌ ሞተሩን እንደገና አዘዝኩት፤ 3.1 ቮልት አሳየ። ደህና በሆነ መስመር ላይ ይህ ቁጥር ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ሽቦውን ስንከተለው ከባትሪው መቀመጫ ሥር ወዳለች አንዲት ቡሎን አደረሰን፤ የባትሪ አሲድ ከላይ እየወረደባት ዙሪያዋን አረንጓዴና ነጭ ዱቄት አልብሷታል። ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት ቆርቆሮው እስኪያበራ ፈገፈግነው፤ መልሰን ስናጠብቀው ንባቡ 0.08 ሆነ፤ የሞተሩም ድምፅ ጠራ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ደህና ነው» ስላቸው ወደ ከረጢቱ ዞር ብለው አዩና «እሱንስ ምን ላድርገው?» አሉኝ። ሻጩ መልሶ አልወሰደላቸውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ባትሪውና ዲናሞው፣ ፊውዙ፣ የፖዘቲቩና የማሳው ሽቦ ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ክፍሉ ራሱ ይጠረጠራል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ በገቡ መኪኖች ላይ ሽቦዎቹ ተቆርጠው የተረዘሙባቸው መጋጠሚያዎች ስላሉ በመጀመሪያ እነሱን ማየት ይበጃል። የመኪናውን ሞተር በግፊት ውሃ የሚያጥብ ላቫጆ ደጋግሞ የሚጎበኝ መኪና ከሆነም ትልቁን ሶኬት ነቅሎ ውስጡን ማየት አይረሳ።

ኮዱ የሴንሰር ከሆነ ጉዳዩ አጭር ነው፤ ፓምፑን የሚመለከት አይደለም። ባትሪ የማይፈልገው የድሮው ዓይነት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ800 እስከ 2,000 ኦም ያሳያል፤ ከባትሪ ኃይል የሚቀበለው አዲሱ ዓይነት ግን በኦም አይለካም። የዘጌ መስመር ጭቃና የብረት ብናኝ በሴንሰሩ ጫፍ ላይ መለጠፉ፣ ወይም ማግኔት ያለው ኩሽኔታ ተገልብጦ መገጠሙ በቂ ምክንያት ነው።

የሃይድሮሊክ ብልሽት ብዙ ጊዜ መብራት አያበራም፤ የሚታወቀው በፔዳል ነው። መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነና በውጭ የሚንጠባጠብ ዘይት ከሌለ፣ ጥፋተኛው ወይ ማስተሩ ነው ወይ በደንብ የማይዘጋ የኤቢኤስ ማስወጫ ቫልቭ ነው። ሁለቱን ለመለየት የማስተሩ መውጫዎች በልካቸው በተሠራ ቡሎን ይደፈናሉ፤ አሁንም ከሰመጠ ማስተሩ ነው፣ ደንድኖ ከቆመ ከማስተሩ በኋላ ያለው ነው። ቫልቮቹን ለመፈተን ደግሞ መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማውን በእጁ ለማዞር ይሞክራል፣ በስካነር የዚያ ጎማ ማስገቢያ ተዘግቶ ማስወጫው እንዲከፈት ሲታዘዝ የተያዘው ጎማ መፈታት አለበት። አራቱም በየተራ ከተፈቱ፣ ፔዳሉም ተረግጦ ሲያዝ የማይሰምጥ ከሆነ፣ ብሎኩ ጤነኛ ነው፤ ሳያረጋግጡ ብሎክ የሚቀይሩ ሰዎች ይህን የአሥር ደቂቃ ሥራ ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም።

ምርጫዎቹ ሲነጻጸሩ

ምርመራው ክፍሉ ራሱ መበላሸቱን ካረጋገጠ በኋላ ያሉት መንገዶች አምስት ያህል ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይገባቸውም።

የራስን ክፍል ማስጠገን፣ ብልሽቱ የኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ከሁሉም በፊት የማስቀድመው ነው። ምክንያቴ ከዋጋው በላይ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የኮምፒውተሩ ሳጥን ከብሎኩ በጥቂት ቡሎኖች ብቻ ስለሚለያይ አንድም የፍሬን ቧንቧ ሳይፈታ ይወጣል፤ አየር አይገባም፣ ዘይት አይፈስም። የመኪናው የራሱ ቁጥርና ኮዲንግ (ኮምፒውተሩን ከመኪናው ጋር የሚያስማማው ቅንብር) ውስጡ ስላለ ሲመለስ ያለ ምንም ፕሮግራም ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ የሚበላሸው ነገርም የታወቀ ነው፤ ሙቀትና መንቀጥቀጥ ከፀጉር የቀጠኑ የአሉሚኒየም ሽቦዎችን ይበጥሳል ወይም የሞተሩን እግር ከቦርዱ የሚያገናኘውን ብየዳ ይሰነጥቃል። በቀድሞዎቹ ፎልክስዋገንና አውዲ ላይ 01276 የሚለው የፓምፕ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው ሲሞቅ የሚበራ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ መብራት ይህን ያመለክታል።

የጥገናው ደካማ ጎን ክዳኑ ነው። ሳጥኑ ተጣብቆ የታሸገ ስለሆነ ለመክፈት መቆረጥ አለበት፤ ተመልሶ በደንብ ካልታሸገ እንደ እኛ ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ባለበት፣ በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ገብቶ ቦርዱን ይበላዋል። ስለዚህ ለጠጋኙ የሚቀርበው ጥያቄ «ትሠራለህ ወይ?» የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። በምን እንደሚያሽገው፣ ከጠገነ በኋላ መኪናው ላይ ገጥሞ ሞተሩን በትእዛዝ ያስነሣ እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባል። ተራ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ብየዳ የለመደ እጅ እነዚያን ቀጫጭን ሽቦዎች ሲነካ የሚድነውን ቦርድ ሊገድለው ይችላል። ሳጥኑ ወጥቶ ጥገና ላይ እያለ ብሎኩ ላይ ብቅ ያሉት የቫልቭ ጫፎች በንጹሕ ፕላስቲክ ይሸፈኑ፤ መኪናውም ቢቆም ይሻላል።

የሞተሩ ካርቦን ማለቅ ወይም ቦታው ላይ መንከስ በዚሁ ሥር ይገባል፤ ሞተሪኖ የሚሠራ ባለሙያ በልኩ ሞርዶ ሊያስገባው ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ ከብሎኩ ሲለይ ውስጡ በፍሬን ዘይት ረጥቦ ከተገኘ ሥራው እዚያው ይቁም። ዘይቱ የመጣው ከፓምፑ ፒስተን ማኅተም አልፎ ነው፤ አዲስ ካርቦን ቢገባም በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ብልሽቱ ከኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮሊክ ተሻግሯልና ምርጫውም ይቀየራል። ብሎኩን ፈትቶ ማኅተም እየቀየሩ መጠገን ግን በእኛ ጋራዥ ሁኔታ የምመክረው ሥራ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ አቧራ አንዱን ቫልቭ ሊያስከፍተው ይችላል።

ያገለገለ ክፍል ገዝቶ መግጠም በአገራችን በጣም የተለመደው መንገድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና በመለዋወጫ ማቆየት ግድ እየሆነ ስለመጣ ወደፊትም ይቀጥላል። ብልሽቱ በብሎኩ ውስጥ ሲሆንና የአዲሱ ዋጋ የማይደፈር ሲሆን ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ችግሩ ሰዎች በመልክ መግዛታቸው ነው። ሁለት ክፍሎች እንደ መንታ ቢመሳሰሉም አንዱ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓት ላለው፣ ሌላው ለሌለው መኪና የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው በላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ በቶዮታ ሙሉ ክፍሉ በ44050 የሚጀምር ቁጥር አለው፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት አኃዞችም ሁሉ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚያስመጣ ሰው የቁጥሩን ፎቶ በስልክ ተቀብሎ ሳያመሳክር ብር አይላክ። ሁለተኛው ፎቶ የቧንቧ ቀዳዳዎቹ ይሁን። ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ መደርደሪያ ላይ የቆየ ክፍል ውስጡ አቧራ ገብቷል፣ የቀረው ዘይትም እርጥበት ስቦ ብረቱን አዝጎታል፤ ዋጋው ቢቀንስም ይለፍ። ሦስተኛው ነገር የመመለስ ስምምነት ነው፤ የደብረ ታቦሩን ከረጢት ያስታውሱ።

ቀላል ኤቢኤስ ብቻ ባላቸው የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩ የገጠመ ያገለገለ ክፍል ብዙ ጊዜ ተሰክቶ ይሠራል። መንሸራተት መቆጣጠሪያ ባለበት መኪና ላይ ግን ከገጠሙት በኋላ ሴንሰሮቹን ዜሮ ላይ የማስተካከል ሥራ አለ፤ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ኮዲንግ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ስካነር በከተማው መኖሩ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይረጋገጥ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ አለ። የተበላሸው ሳጥኑ ወይም ሞተሩ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ ፍጹም አንድ የሆነ ያገለገለ ክፍል ገዝቶ የኤሌክትሪክ ጎኑን ብቻ በራስ ብሎክ ላይ ማዛወር ይቻላል። የማናውቀው ሰው መኪና ላይ የኖረውን ብሎክ ትተን፣ ታሪኩን የምናውቀውን የራሳችንን ይዘን እንቀራለን ማለት ነው። ቦርድ ጠጋኝ በቅርብ በማይገኝበት ጊዜ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አዲስ መግዛት በአንድ ቃል ሊጠቃለል አይችልም፤ ኦሪጅናሉና «አዲስ» ተብሎ የሚሸጠው ቅጂ አንድ አይደሉምና። ኦሪጅናሉ በሻንሲ ቁጥር ታዝዞ የሚመጣ ከሆነ የመግጠም ጥርጣሬ የለበትም፤ ቀን ከሌሊት ሰው ለሚያመላልስ አባዱላ ወይም ለረጅም መንገድ መኪና፣ ብሎኩ ማፍሰሱ ከተረጋገጠ፣ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አልቃወምም። ለቤት መኪና ግን የዕቃው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል። የፋብሪካ ስም የሌለው ቅጂ ከጥሩ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ብዬ አላምንም፤ በፍሬን ላይ ዕድል መሞከር አልወድም።

ነቅሎ መንዳት፣ ማለትም ፊውዙን አውጥቶ በተራው ፍሬን መሄድ፣ አንዳንድ ጊዜ የግድ ይሆናል። ሪሌው ተጣብቆ ሞተሩ ቁልፍ ከወጣም በኋላ አላቆም ሲል፣ ባትሪው እንዳያልቅና ክፍሉ እንዳይቃጠል ፊውዙ መውጣት አለበት። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለጥቂት ቀናት መንዳትም ይቻላል። የሚጠፋው ነገር ግን ጎማን ከመቆለፍ መዳን ብቻ አይደለም። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው እንዳይቆለፉ የሚያደርገውም ይኸው ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ከሌለ በረጠበ አስፋልት ላይ፣ ባጃጅ በድንገት ሲታጠፍ በኃይል የተረገጠ ፍሬን የመኪናውን ጅራት ወደ ጎን ሊወረውረው ይችላል። በዝናብ ወቅት ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ በዚህ ሁኔታ መውጣት አይገባም።

አምስተኛው፣ ክፍሉን ጨርሶ አውጥቶ ቧንቧዎቹን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ኃይል የሚያከፋፍለው ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ የኋላውን ግፊት የሚቀንስ የድሮው ቫልቭ ስለሌለ፣ ቧንቧ አገናኝቶ መሄድ ማለት ያንን የጅራት መወርወር ቋሚ ማድረግ ነው። ሲጠይቁኝ አልሠራውም።

ሲገጠም የሚጠበቅ ነገር

ሳጥን ብቻ ከተቀየረ እዚህ ያለው አብዛኛው አይመለከትም። ብሎክ ከተቀየረ ግን ቧንቧዎቹ ከመፈታታቸው በፊት ፎቶ ይነሣ፣ በወረቀትም ምልክት ይደረግባቸው፤ ሁለት ቧንቧ ቢለዋወጥ መኪናው የሚቆም ይመስላል፣ ኤቢኤሱ በሚሠራበት ቅጽበት ግን የተሳሳተውን ጎማ ይለቃል። ነባሩ ዘይት ተደፍቶ በመኪናው የፍሬን ዘይት መያዣ ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ከታሸገ ጣሳ ይሞላ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ሲሆን ውሃ ከሳበ በኋላ እስከ 140 ይወርዳል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ የሚመከረው፣ ብሎኩን ከውስጥ የሚያዝገውም ይኸው ውሃ ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ ቢቀላቀል የጎማ ማኅተሞቹን ሁሉ ያሳብጣል። ወደፊትም ሸራ ሲቀየር የካሊፐሩ (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ወደ ኋላ ከመገፋቱ በፊት የአየር ማስወጫው ቡሎን ይላላ፤ ካልሆነ እዚያ የተጠራቀመው ጥቁር ዘይት ተመልሶ ወደ አዲሱ ቫልቭ ይገባል።

ደረቅ ሆኖ የመጣ ብሎክ በተለመደው መንገድ ፔዳል ረግጦ አየር በማስወጣት ብቻ አይጸዳም፤ በዝግ ቫልቮች ጀርባ የተያዘው አየር የሚወጣው ስካነሩ ሞተሩንና ቫልቮቹን እያዘዘ ሲያስወጣው ነው። ከዚያ በኋላም ፔዳሉ ስፖንጅ መስሎ ከተሰማ አልወጣም ማለት ነው፤ «ሲነዳ ይስተካከላል» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

መኪናውን ከመረከብ በፊት ቁልፉ ተከፍቶ መብራቷ በርታ ስትጠፋ ይታይ። ከዚያ መኪናው ሲነሣ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ክፍሉ ራሱን ሲፈትን የምትሰማውን አጭር «ዝዝ» የምትል ድምፅ ማዳመጥ ነው፤ ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት። የመጨረሻው ፈተና ሰውና ከብት በሌለበት ጠጠራማ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን በአንድ ጊዜ መርገጥ ነው። ፔዳሉ እግር ሥር መንቀጥቀጥ፣ መሪው መታዘዝ፣ መኪናው ወደ ጎን ሳይሄድ መቆም ይኖርበታል። ጠጠር ላይ በኤቢኤስ መቆሚያው ርቀት ከተቆለፈ ጎማ ሊረዝም ስለሚችል በዚያ አይደንግጡ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱ መጠን ይታይ፤ በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ዙሪያም ነጭ ሶፍት ይለፍበት፤ ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ገጣሚው ይጠራ።